ያልወጣችው ጅብ

ሌዎካዲ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው የሚንሳፈፈውን ሁሉ እየለቀመች በሥራ ቤቱ ውስጥ ትመላለሳለች። ውሃው የመጣው ከመንገዱ አልነበረም። ከምድር ቤቱ፣ በወለሉ ስንጥቅ በኩል፣ ድምፅ ሳያሰማ ነው የወጣው። የእንጨት መፋቂያዎች፣ ወንድሟ የሚቀመጥባት አጭር በርጩማ፣ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ፣ ግማሽ ዳቦ፣ ያገኘችውን ሁሉ አንስታ ደረቅ ነገር ባየችበት ላይ ታኖራለች፤ መደርደሪያው ላይ፣ የጠፋው ምድጃ ላይ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ እጇ በደረሰበት።

«ውሃው የት ደረሰ?» አላት ወንድሟ ከደረጃው ላይ ሆኖ።

«ባቴ ላይ።»

«ቅድም ቁርጭምጭሚቴ ጋ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ቅድም ቁርጭምጭሚቴ ጋ ነበራ።»

ኦሬሊያን ቴሳንዲዬ ካፖርቱን እንደደረበ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከሴን ወንዝ ጥቂት እልፍ ብሎ፣ ከአራዊት ግቢው አጥር በማይርቀው በዚያ ቤት፣ ዕድሜውን በሙሉ እንስሳ ሲቀርጽ ኖሯል። ሀብታሞች ሳሎናቸው ውስጥ በሚያቆሙት ሰዓት አናት ላይ የሚተኛ አንበሳ፣ ጆሮውን የጣለ አዳኝ ውሻ፣ አንገቱን የቀለሰ ፈረስ። በሙያው ዘንድ ሰው የሚቀርጸው ከፍ ያለ፣ እንስሳ የሚቀርጸው ዝቅ ያለ ነው። በየዓመቱ በሚከፈተው ትልቁ ኤግዚቢሽን የእሱ ሥራዎች የሚቆሙት ደረጃው ሥር፣ ጎብኚዎች እርጥብ ጃንጥላቸውን በሚያስደግፉበት ጥግ ነበር። አንድ ጊዜ የሦስተኛ ደረጃ ሜዳይ ሸልመውታል። ሜዳዩን ሌዎካዲ ልብስ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ እሱ የት እንዳለ ጠይቋት አያውቅም።

ጅቧን ግን ማንም አላዘዘውም። የጀመራት ዓይኑ መድከም ከጀመረ በኋላ ነው። ነጭ ነገር እየጋረደው፣ መጀመሪያ ቀለም፣ ቀጥሎ የሩቅ ነገር፣ በመጨረሻም የሰው ፊት ሲጠፋበት፣ ጠዋት ጠዋት የእህቱን ክንድ ተደግፎ ወደ አራዊት ግቢው ይሄድና ከአንዲት አሮጊት ጅብ ፍርግርግ ፊት ይቀመጥ ጀመር። ጠባቂዎቹ ለፌዝ ማርኪዝ ብለው ሰይመዋታል፤ ኋላዋን እየጎተተች ስትሄድ ርስቷን የተነጠቀች ባላባት ትመስላለችና። ማርኪዝ ለመደችው። ጎኗን ከብረቱ አስጠግታ ስትተኛ ባስቲያን የሚባለው ጠባቂ ፊቱን ያዞርላቸዋል፤ ኦሬሊያንም እጁን አሾልኮ ይዳስሳታል። ከትከሻዋ ወደ ኋላዋ የሚወርደውን ያን ቁልቁለት፣ የአንገቷን ጠንካራ ጠጉር፣ ግራ ጆሮዋ ሥር ያለውን የድሮ ጠባሳ። ቤት ሲመለስ ደግሞ ያንኑ በጭቃው ላይ ይዳስሳል።

«አንበሳ ስሠራ ሰው ስለ አንበሳ የሚያስበውን ነው የምሠራው» ብሏት ነበር አንድ ቀን። «ስለ ጅብ ማንም ጥሩ ነገር አያስብም። ስለዚህ እሷን ራሷን መሥራት እችላለሁ።»

የሌዎካዲ ድርሻ ጨርቁ ነበር። ጭቃ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በየምሽቱ አንሶላ ነክራ፣ ጨምቃ፣ የተጀመረውን ሥራ ትሸፍናለች። ከወጣትነቷ ጀምሮ እንዲህ ስታደርግ ኖራለች፤ አንበሶቹንም ውሾቹንም ሸፍናለች። የጣቶቿ ቆዳ በየክረምቱ ይሰነጠቅና በጸደይ ይድናል። ጅቧን ስትሸፍን ግን ከሌሎቹ ይልቅ ትጠነቀቅ ነበር። ግራ ጆሮዋ ሥር ስትደርስ ጨርቁን ሳትጫን፣ እንዲያው ነካ አድርጋ ታልፋለች። ያን ጠባሳ ወንድሟ በጥፍሩ ነው የሠራው፤ ደጋግሞ እየሄደ፣ ደጋግሞ እየዳሰሰ፣ እያጠፋ እንደገና እየሠራ።

ጅቧ ባለቀች ጊዜ ጀሶ አፍሳሹን ማላርዶን ጠሩት። ማላርዶ የአባቱን ሙያ የያዘ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ የሆነ ሰው ነው። ጭቃውን መጀመሪያ በስሱ፣ ሰማያዊ ቀለም በገባበት ጀሶ አለበሰው፤ በዚያ ላይ ወፍራም ነጭ ጀሶ ደረበበት። ሲጠነክር ገልብጦ ጭቃውን ከሥር ቆፍሮ አወጣው። ያን ጊዜ ጅቧ የትም የለችም። የቀረው ቅርፊቱ ነው፤ እሷ ደግሞ በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ናት። ከዚህ በኋላ ውስጡ በሳሙና ይቀባል፣ አዲስ ጀሶ ይፈስበታል፣ ሲደርቅም ቅርፊቱ በመሮ እየተፈለጠ ይወድቃል። ነጩ አልቆ ሰማያዊው ሲታይ የሠራተኛው እጅ ይለዝባል፤ ከሰማያዊው ቀጥሎ ያለው የእንስሳዋ ገላ ነውና። ሳሙናው ካልተቀባ ግን ቅርፊቱና ገላው አንድ ድንጋይ ይሆናሉ።

ማላርዶ ሳሙናውን ቀብቶ ሲጨርስ ብሩሹን በቅርፊቱ አፍ ላይ አጋድሞ ነው የሚሄደው። ተቀብቷል፣ ማንም እጁን እንዳያስገባ፣ ማለት ነው። አባቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። በቃል የተነገረ ደንብ አይደለም፤ በዚያ ቤት ሁሉም ያውቀዋል።

በዚያ ሳምንት ማላርዶ ጭቃውን አውጥቶ፣ ወንድምና እህቱ ፎቅ ላይ እራት ሲበሉ፣ ከታች «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ጮኾ ወጣ። በማግሥቱ ሴን ሞላ። ድልድዩ ተዘጋ። ማላርዶ ለቀናት ከወዲያ ማዶ ቀረ።

በፈረንጆች አቆጣጠር የሺህ ዘጠኝ መቶ አሥሩ ጥር እንዲህ ነበር።

«ቅርፊቱስ?» አለ ኦሬሊያን።

ሌዎካዲ ውሃውን እየገፋች ሄደች። ቅርፊቱ አፉን ወደ ላይ አድርጎ በእንጨት ማቆሚያው ላይ ተቀምጧል። ማቆሚያው ከታች እየተነቀነቀ ነው። ጠርዙን በጥፍሯ ጫረችው።

«ረጥቧል» አለች። «ጠርዙ በጥፍር ይነሳል።»

«ባዶውን ጀልባ ላይ ብንጭነው ይሰነጠቃል።»

«ማላርዶን ብንጠብቅስ?»

«ማላርዶ ክንፍ የለውም።» ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረው። «ከተሰነጠቀ ምን ይቀረናል? ጭቃው የለም። እሷም የለችም።»

ማርኪዝ መሞቷን የነገራቸው ባስቲያን ነው፤ ትናንት በታንኳ ሲያልፍ በመስኮቱ። ውሃው ቤቷ ገብቶ እርጥብ ወለል ላይ ስትቆም ሰንብታ፣ ሳል ጀምሯት፣ ጠዋት ላይ ተጋድማ አገኟት።  ኦሬሊያን አሁን «ዓይኔም የለም» አለማለቱን ሌዎካዲ ልብ ብላለች፤ ጭቃው የለም፣ እሷም የለችም ብሎ እዚያ ላይ ቆመ።

«ደረቅ ጀሶ አለን?» አላት።

«ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ከረጢት ደረቅ ነው።»

«ነገ ደረቅ አይሆንም።» ተነሳ። ግድግዳውን እየዳበሰ ደረጃውን ወረደ፣ በጫማው ውሃው ውስጥ ገባና ቅርፊቱ ጋ ደረሰ። «ከሞላነው አንድ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ጀልባ ላይ ይጫናል። ሳሙናው ተቀብቷል?»

ሌዎካዲ አየች። ብሩሹ በቅርፊቱ አፍ ላይ ተጋድሟል።

«ብሩሹ አፉ ላይ ነው» አለች።

«ተመስገን» አለ። እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ከጠርዙ አለፍ ብለው ወደ ባዶው ሊገቡ ሲሉ ቆሙ። ሊሰናበታት እንደፈለገ ለሌዎካዲ ገባት፤ ግልባጯን ሊዳስስ፣ ጀርባዋን እንደ ጉድጓድ፣ ዓይኗን እንደ ጉብታ። «ከተቀባ እጅ አይገባም» አለ፣ ለሌላ ሰው እንደሚናገር፤ እጁንም መልሶ ኪሱ ከተተ።

እሷ ብሩሹን አነሳችና ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ሰማያዊ ነው፤ ጠዋት ገና ብርሃን ሳይሆን ያለው ዓይነት ሰማያዊ። እርጥብ ኖራና የወንዝ ሽታ ፊቷ ላይ መጣ። ቀና አለች።

ጀሶውን በገንዳ አቦካች። በእጇ እየዘገነች ውሃው ላይ ትበትናለች፤ ጀሶው እንደ ትንንሽ ደሴት ከላይ ሲቀር ታማስለዋለች። ኦሬሊያን በጭልፋ እየተቀበለ፣ በሌላው እጁ የጭልፋውን ጫፍ እየመራ፣ በባዶው ግድግዳ ላይ ያፈሰዋል። ክብደቱ እንዳይበዛ መሐሉን ባዶ ትተው ዙሪያውን ብቻ አወፈሩት።  ውጭ ሰው በመስኮት ሰው ይጠራል፣ አንድ ቦታ በር እየተገጨ ይንኳኳል።

ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል። ትንሽ ቆይቶ ኦሬሊያን ሁለት እጆቹን ቅርፊቱ ጎን ላይ አደረገ።

«ነዪ ንኪ» አላት።

ነካች። በዚያ ቤት ውስጥ የሞቀ ነገር ያ ብቻ ነበር። እንደ ተኛ እንስሳ ጎን ሞቃት ነው። ወንድሟ ጉንጩንም አስጠጋ፤ እሷም የደነዘዙ እጆቿን ሳታነሳ ቆየች፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሁለቱም እንደዚያው ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ የባሕር ኃይል ጀልባ በመንገዱ መጣች። ሁለት መርከበኞች ነበሩባት፤ ከብሬታኝ፣ ከሩቁ የባሕር ዳር አውራጃ የመጡ፣ አነጋገራቸው የባላገር።

«አባባ፣ የምንጭነው ሰው ነው» አለ ትልቁ በመስኮቱ እያየ። «ዕቃ አንጭንም።»

«ዕቃ አይደለችም።»

«ታዲያ ምንድን ናት?»

«ጅብ።»

መርከበኞቹ ተያዩ።

«ሞታለች?» አለ ታናሹ።

ኦሬሊያን ትንሽ አሰበ። «አልተወለደችም» አለ።

«እኔ ደግሞ የትልቅ ሰርግ ዳቦ መስሎኝ።» ትልቁ ራሱን አከከና ሳንቃ አስተካከለ። «በሉ በገመድ እሰሯት። ግን ብንገለበጥ ሚስትዎን ነው የማወጣው፤ እሷን አልከተልም።»

«እህቴ ናት።»

«ከሆነም እህትዎን።»

እያቃሰቱ አወጧት። ኦሬሊያን ጀልባው ወለል ላይ ተቀምጦ በሁለት ክንዱ አቀፋት፤ ከላይ ሲያዩት ነጭ ጉቶ ያቀፈ ሰው ነው። መንገዱ ወንዝ ሆኗል። የመንገድ መብራቶቹ አንገታቸው ብቻ ቀርቷል። በርሜሎች፣ የቤት በር፣ ከአንድ ወይን ጠጅ ነጋዴ መጋዘን የወጡ ቡሾች፣ የልጅ አልጋ እየተሽከረከሩ ያልፋሉ። ኦሬሊያን አንዱንም አያይም። ፊቱ ላይ ግን ሌዎካዲ ብዙ ዘመን ያላየችው ነገር ነበር።

«ነሐስ ትሆናለች» አላት ወደ እህቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ። «ደረጃው ሥር አላቆማትም። ደረጃው ሥር የሚሉኝ ከሆነ መልሼ ወደ ቤት ነው የምወስዳት።»

«የሚሉህ አይመስለኝም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ። ይሉኛል።» ሳቀ።

ከጎርፉ በላይ ባለው ዳገት ማዳም ኦዛን የምትባል መበለት ልብስ ማጠቢያ ቤት አላት። ኦሬሊያን ድሮ የሟች ባሏን ውሻ በጀሶ ሠርቶላት ነበር፤ ውሻው እስከ ዛሬ የመተኮሻ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚወጣ የሚገባውን ይጠብቃል። በሩ ላይ ወገቧን ይዛ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ሙሴ ቴሳንዲዬ፣ ሌላው ሰው አልጋውን ይዞ ነው የሚሸሸው፣ እርስዎ ድንጋይ አሸክመው መጡ?»

«ጅብ ናት፣ ማዳም።»

«ጅብ ይዘው ነው እንግዲህ ሴቶች ያሉበት ቤት የሚገቡት።»

ካውያ የያዘች ልጅ ከውስጥ ብቅ አለች። «ትነክሳለች እንዴ?»

«ሰኞ ሰኞ ብቻ» አለ ኦሬሊያን።

ሴቶቹ ሳቁ። ሌዎካዲም ልትስቅ ነበር። እግሯ ደፉን አልፎ ሲገባ ግን ሙቀቱና እንፋሎቱ ፊቷ ላይ መጣ፣ ከእንፋሎቱም ጋር ሽታው። የሳሙና ሽታ። ገንዳው፣ ግድግዳው፣ የሴቶቹ እጅ ሁሉ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ባለችበት ቆመች። ፊቷን ወደ ቅርፊቱ አስጠግታ የሸተታትን አስታወሰች። እርጥብ ኖራ። ወንዝ። ሌላ ምንም አልነበረም።

ቀጥሎ እጇ ራሱ አስታወሰ። ጠዋት፣ በርጩማውን በብብቷ ይዛ፣ ከውሃው ላይ ረጅም እጀታ ያለው ነገር ያነሳችበትን። ምድጃው ሞልቶ ነበር። የመስኮቱ ደፍ ሞልቶ ነበር። አጠገቧ የነበረው ደረቅ ነገር ቅርፊቱ ነበር፤ አፉ ላይ አጋደመችው።

«ማድሞዜል ሌዎካዲ፣ ምነው ቆሙ? ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ያስገባሉ» አለች ማዳም ኦዛን።

ገባች።

የዚያን ምሽት ኦሬሊያን የሽንኩርት ሾርባውን ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ለሴቶቹ ስለ ማርኪዝ አወራቸው፤ የሚጥሉላትን አጥንት ስትሰብር ድምፁ እስከ ዝንጀሮዎቹ ቤት እንደሚሰማ፣ ለእሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ጥርሷን አሳይታው እንደማታውቅ። አንዷ ጅብ ሬሳ ይበላል ሲባል ሰምቻለሁ ስትለው፣ «ጥሩ ሥጋ የሰጣት አልነበረማ» አላት። ሌዎካዲ ከጎኑ ተቀምጣ ዳቦዋን ትፈረፍራለች። አሁን እነግረዋለሁ ትላለች፤ ቀና ብላ ፊቱን ታያለች፤ ሾርባውን እስኪጨርስ ትላለች፤ ሾርባውን ይጨርሳል። አልነገረችውም። ዳቦው እጇ ላይ አለቀ፤ አንዱንም ቁራሽ አልበላችውም።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ማላርዶ መጣ። ወታደሮች በሳንቃ ድልድይ አሻግረውት፣ እስከ ወገቡ በጭቃ ተለውሶ፣ ከካፖርቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ። ሌዎካዲ ግቢው ውስጥ በርሜሉ አጠገብ ነበረች።

«ማድሞዜል፣ ቤታችሁ ሄጄ መርከበኞቹ ናቸው ወደዚህ የመሩኝ» አላት። ጨርቁን ፈታ። የሸክላ ማሰሮ ነበር። «ጥቁር ሳሙና ነው። ያለቀብኝ ያን ምሽት ነው፤ ይህን ላመጣ ወጥቼ ነው ውሃው የቀደመኝ። ቅርፊቱን ውሃ ነካው?»

ማሰሮውን አየችው።

«ሞላነው» አለች።

ማላርዶ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ማሰሮውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። «በምን ተቀብቶ?»

«ብሩሹ አፉ ላይ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ለሌላ ነገር ብዬ አይደለም። ደረቅ ቦታ ስለነበረ።»

ሰውዬው ነጭ ቅንድቡን በመዳፉ አሸው።  አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«ያውቃል?»

«አያውቅም። እስከ ሰማያዊው ብቻ ቢፈልጡለትና ቢተዉትስ? ቀለም አያይም። ቅርጿ ይኖራል። እንዲያው ትንሽ ወፈር ትላለች እንጂ…»

«ማድሞዜል።»

«እባክዎ።»

«ይህ ሰው መቼ በዓይኑ አይቶ ያውቃል?» አለ ማላርዶ በቀስታ። ቢሆንም መሮውንና መዶሻውን ከከረጢቱ አወጣ።

መተኮሻ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ለቀቁላቸው። ኦሬሊያን ወንበሩን አስጠጋ። ማላርዶ ከጭራዋ በኩል፣ ማንም በማያየው ጥግ ጀመረ። ነጩ እየተሰበረ ወደቀ። ሰማያዊው ታየ። የመሮውን ጫፍ ከሰማያዊው ሥር አስገብቶ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጣም ቀስ ብሎ መታ። አንድ ስባሪ ተነስቶ መዳፉ ላይ ወደቀ። ለሌዎካዲ አሳያት። በአንድ ወገን ሰማያዊ፣ በሌላው ወገን ነጭ ነው፤ ሰማያዊው የት እንደሚያልቅ፣ ገላዋ የት እንደሚጀምር በመሐላቸው መለያ የለም። ስባሪውን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ምነው ዝም አልክ?» አለ ኦሬሊያን።

«ምንም ሙሴ። ጥሩ ጠንክሯል።»

«ሰማያዊው ወጣ?»

ማላርዶ ሌዎካዲን አያት።

«ወጥቷል» አለች እሷ።

«እንግዲህ ከዚህ በኋላ እንደ ሕፃን ነው የምትይዛት» አለ ኦሬሊያን፤ እጆቹን አፋተገ።

ነጩን ሁሉ እስኪያነሳ እኩለ ቀን ሆነ። ጠረጴዛው ሥር የጀሶ ስብርባሪ ተከመረ። ካውያ የያዙት ሴቶች በየተራ እየመጡ አይተው ይመለሳሉ። መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ተኝቶ አንገቱን ቀና ያደረገ ሰማያዊ ነገር ነው። ትከሻው ከፍ ያለ፣ ኋላው ዝቅ ያለ። ጅብ መሆኗን ለሚያውቅ ጅብ ትመስላለች።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ፣ ሙሴ።»

ኦሬሊያን ውሃ አስመጥቶ እጁን ታጠበ። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ ሥራውን ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠባል፣ በሱሪው ያደርቃል። ከዚያ ሁለቱን መዳፎች ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ፈገግ አለ። ቁልቁለቱን ተከትሎ ወደ ኋላዋ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። የአንገቷ ጠጉር ጋ ሲደርስ ጣቶቹ ዘገዩ። ወደ ጆሮዋ አለፉ። ከግራ ጆሮዋ ሥር አንዱን ጣቱን ብቻ አስገባ።

ልሙጥ ነው።

ጣቱን አንስቶ እንደገና አስገባ። ምናልባት ቦታውን ስቼ ይሆናል ብሎ ትንሽ ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ ጎን ሄደ። ዓይኗን ፈለገ፤ አፏን ፈለገ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ተረስቶ ቀርቶ ነበር፤ ቀስ እያለ ሄደ።

«ካፖርት ለብሳለች» አለ።

ፊቱን ወደ ጀሶ አፍሳሹ አዞረ።

«ማላርዶ። ይህ ሰማያዊው ነው። አላነሳኸውም።»

«አይነሳም፣ ሙሴ።»

«ምን ማለት ነው አይነሳም?»

«እኔ ነኝ» አለች ሌዎካዲ።  «ሳሙና አልተቀባም ነበር። ብሩሹ ሲንሳፈፍ አግኝቼው አፉ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እንዳይረጥብ ብዬ ነው።»

አንዷ ሴት ካውያዋን ምድጃው ላይ መልሳ አስቀመጠች። መደርደሪያው ላይ ያለው ውሻ አፍጥጦ ያያቸዋል። ኦሬሊያን እጁን ከጅቧ አላነሳም፤ አልተንቀሳቀሰም። ሌዎካዲ ይጮኽብኛል ብላ ጠበቀች። ወጣት ሳሉ ይጮኽባት ነበር፤ ጨርቁን አብዝታ ስታረጥብ፣ አሳንሳ ስታረጥብ።

«እጄን ላስገባ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«አንድ ጣት ባስገባ ይበቃ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ኦሬሊያን።»

ማላርዶ መሮዎቹን መጠቅለል ጀመረ። ከአንዱ ወደ አንዱ አየና፣ «ውስጥ አለች እኮ ሙሴ» አለ። «ሙሉ ናት። ምንም አልጎደለባትም።»

«ታዲያ ማን ያወጣታል?» አለ ኦሬሊያን።

ማላርዶ ማሰሮውን ግቢ ውስጥ ረስቶ ሄደ።

ቀኑ አዘቀዘቀ። ማዳም ኦዛን መብራት ለኮሰች፤ ሾርባ አቀረበችለት፤ ሳይነካው ቀዘቀዘ። ከታች ከተማው ውስጥ ውሃው መጉደል መጀመሩን አንድ ፖሊስ በር ላይ ነግሯቸው አለፈ። ሴቶቹ ደስ አላቸው፣ ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ኦሬሊያን ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፤ ምንም የማይነኩ እጆች፣ ሌዎካዲ እንዲያ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

«ጨርቅ አለ?» አላት።

«ምን ያደርግልሃል?»

«መሽቷል። ሸፍኛት።»

«ጀሶ ናት እኮ» አለች። «ጀሶ ጨርቅ አይፈልግም።»

«አውቃለሁ። ሸፍኛት።»

ሌዎካዲ ተነሳች። ማዳም ኦዛን ከታጠቡት ክምር ላይ አንድ አንሶላ ስባ ሰጠቻት፤ የማን እንደሆነ አልተናገረችም። ሌዎካዲ ገንዳው ውስጥ ነከረችው፣ በተሰነጠቁ እጆቿ ጨመቀችው፣ አራግፋ ከጭራዋ በኩል መሸፈን ጀመረች። ኋላዋን ሸፈነች። ጀርባዋን ሸፈነች። ጨርቁ ሲጣበቅ የሚያሰማውን ድምፅ ወንድሟ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ግራ ጆሮዋ ሥር ስትደርስ፣ እንደ ወትሮው፣ ሳትጫን አለፈች።